የወጥ ቤቱ መነኩሴ



በማኅበራችን ሥራ የሚከፋፈልበትን ቀን እስቲ እናስታውስ። ከመዘምራን ማን ይግባ ሲባል ብዙ እጅ ይነሣል። ትምህርት ማን ያዘጋጅ ሲባልም ፈቃደኛ አይጠፋም። ከጉባኤው በኋላ ወንበሩን ማን ይሰብስብ፣ ብርጭቆውን ማን ይጠብ፣ ወለሉን ማን ይጥረግ ሲባል ግን ሁላችንም ጎንበስ ብለን የጫማችንን ክር ማጥበቅ እንጀምራለን። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጸሐፊውም ከነዚያ ክር አጥባቂዎች አንዱ ነው።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለንም። በልባችን ውስጥ ሳንመረምር ያስቀመጥነው አንድ እምነት አለ። ይኸውም እግዚአብሔር የሚገኘው በመዝሙሩና በስብከቱ ነው፤ በሳሙናውና በመጥረጊያው ዘንድ ግን የለም የሚል ነው። እሑድ የእርሱ ቀን ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ግን ውኃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ታክሲ መጠበቅ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ደክሞ መመለስ ስለሆነ እንዲሁ የሚያልፍ ጊዜ ይመስለናል። ነገሩን በቁጥር ብናየው ያሳዝናል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ከዚህ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን የምናሳልፈው ቢበዛ ስድስት ሰዓት ነው እንበል። ታዲያ የቀሩት 162ቱ ሰዓቶች የማን ናቸው?

ይህን ጥያቄ በኑሮው የመለሰ አንድ ሰው አለ። ሰባኪ አልነበረም፤ ቄስም አልነበረም። ገዳም አልመሠረተም፤ ወደ ሩቅ አገርም ሄዶ አላስተማረም። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በመጀመሪያ ምግብ አብሳይ፣ ኋላም ጫማ ሠሪ ሆኖ የኖረ አንካሳ መነኩሴ ነው። ስሙ ወንድም ሎረንስ ይባላል። ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ታሪኩ ዛሬም በብዙ ቋንቋ ይነበባል። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ልናካፍላችሁ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ዛፉ

የልደት ስሙ ኒኮላስ ሄርማን ነው። በ1614 ገደማ ኤሪሜኒል በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። መንደሪቱ የምትገኘው ዛሬ የፈረንሳይ ምሥራቃዊ ክፍል በሆነው በሎሬን ነው፤ በዚያን ዘመን ግን ሎሬን በራሷ መስፍን የምትተዳደር አገር ነበረች። ወላጆቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ተራ ሰዎች ነበሩ። ልጃቸውም ሊቅ የሚያሰኝ ትምህርት አልተማረም።

18 ዓመት ሲሆነው አንድ ነገር አየ። በዚያ አገር በበረዶው ወራት ብዙዎቹ ዛፎች ቅጠላቸውን ፈጽመው ያራግፋሉ፤ ላየቸው ሰው ከሥራቸው የደረቁ ይመስላሉ። ኒኮላስም እንዲህ ራቁቱን የቆመ አንድ ዛፍ ተመለከተ። ይኸው ዛፍ ጥቂት ወራት ቆይቶ እንደሚለመልም፣ ከዚያም እንደሚያብብ፣ በመጨረሻም እንደሚያፈራ አሰበ። ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ኃይልና ጠባቂነት በልቡ በራለት። ብርሃን አልወረደለትም፤ ድምፅም አልሰማም። ያየው ሌላው ሰው ሁሉ በየቀኑ እያየ የሚያልፈውን አንድ ዛፍ ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ ስለ እምነቱ መጀመሪያ ሲጠየቅ ግን የሚያነሣው ያንኑ ዛፍ ነበር።

እንግዲህ የዚህን ሰው ነገር ከዚህ ላይ ልብ በሉ። እግዚአብሔር የተገለጠለት በተለመደ ነገር ውስጥ ነው። የቀረው ዕድሜውም ይህንኑ ለመማር የቆየ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ወታደርነቱና ቁስሉ

ከዚህ በኋላ ወዲያው መነኮሰ ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። ከ1618 እስከ 1648 የቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት መካከለኛውን አውሮፓ ሲያቃጥል ሎሬንም ከእሳቱ አልዳነችም። ጦርነቱ፣ ረሀቡና ወረርሽኙ እየተፈራረቁ ሕዝቧን ፈጁት። ኒኮላስም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ወጣቶች ወታደር ሆነ።

አንድ ጊዜ የጀርመን ወታደሮች ሰላይ ነህ ብለው ያዙትና ሊሰቅሉት ዛቱበት። እርሱም ያሰቡት ዓይነት ሰው እንዳልሆነ፣ በሕሊናው ላይ እንዲህ ያለ ወንጀል ስለሌለበትም ሞት እንደማያስደነግጠው በእርጋታ ነገራቸው። እርጋታውን አይተው ለቀቁት። ኋላም ስዊድኖች ራምበርቪሌ የተባለችውን ከተማ በወጉ ጊዜ ቆሰለ። የውትድርና ኑሮው በዚሁ አበቃ፤ የእግሩ ሕመም ግን እስከ ሽምግልናው ተከተለው።

በወላጆቹ ቤት ሲያገግም ያለፈውን ኑሮውን መረመረ፤ ባየውም ነገር አፈረ። ሕይወቱን ለእግዚአብሔር ለመስጠት ቆርጦ በመጀመሪያ ከአንድ ደኅና ኑሮውን ከተወ ሰው ጋር ለብቻ በጸሎት መኖር ጀመረ። ነገር ግን አልሆነለትም። ልቡ አንድ ጊዜ በደስታ ይሞላል፤ አንድ ጊዜ በሐዘን ይዋጣል። ጠዋት ሰላም፣ ማታ ሁከት ሆነበት። ሰው ሁሉ ለብቻ ኑሮ አልተፈጠረም። ኒኮላስም ልቡን የሚደግፍለት የተወሰነ ሥርዓትና የወንድሞች ማኅበር እንደሚያስፈልገው ተረዳ።

ከዚያም ወደ ፓሪስ መጥቶ የአንድ ከፍተኛ የገንዘብ ሹም አሽከር ሆኖ ተቀጠረ። በዚህም ሥራ አልተመሰገነም። ኋላ ራሱ እየሳቀ እንዳወራው፣ ሰውነቱ ግዙፍ፣ እጁ ቅልጥፍና የሌለው፣ የነካውን ሁሉ የሚሰብር አሽከር ነበር።

ወደ ገዳም መግባቱ

በ1640፣ በ26 ዓመቱ ገደማ፣ ፓሪስ ውስጥ በቮዢራር መንገድ ወደሚገኘው የቀርሜሎሳውያን ገዳም ገባ። እነዚህ መነኮሳት ስማቸውን ያገኙት ነቢዩ ኤልያስ ከበዓል ነቢያት ጋር ከተከራከረበት ከቀርሜሎስ ተራራ ነው። ጫማቸው ነጠላ፣ ምግባቸው ቀላል ነው፤ ሰው ካልታመመ በቀር ሥጋ አይበሉም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት በዝምታ የሚጸልዩበት ጊዜም አላቸው። የቀረው ቀን በደወል የተከፋፈለ ነው።

ኒኮላስ በዚያ ሎረንስ የሚል አዲስ ስም ተሰጠው፤ ሙሉ ስሙም የትንሣኤው ሎረንስ ሆነ። አመክሮውን ጨርሶ በ1642 የመጨረሻውን መሐላ ፈጸመ። የተማረ ሰው ስላልነበረ ወደ ክህነት አልቀረበም። ለጉልበት ሥራ ከተመደቡት ወንድሞች ጋር ሆነ። ሲገባም የነበረው ሐሳብ የሚያስገርም ነው። ያ ሁሉ ዝርክርክነቱና ጥፋቱ እዚህ ቆዳው እስኪላጥ ድረስ እንደሚያስቀጣው ጠብቆ፣ ይህንኑ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ሊያደርግ ነበር የመጣው። ኋላ ግን ቅጣት ጠብቆ ደስታ ስላገኘ እግዚአብሔር አታለለኝ እያለ ይቀልድ ነበር።

የጨለማው ዘመን

ይሁን እንጂ ወደዚያ ደስታ የደረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። ውድ ወጣቶች፤ ስለ መልካም ሰዎች ሲጻፍ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ግን መዝለል አንፈልግም። ወንድም ሎረንስ በገዳም የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት ያህል በብርቱ መከራ ውስጥ አሳለፈ። መከራው ከውጭ የመጣ አልነበረም። ያለፈው ኃጢአቱ ከፊቱ አልጠፋ አለ። እግዚአብሔር ያደረገለትን መልካም ነገር ሲያስብ ደግሞ እንደማይገባው እየተሰማው ጭንቀቱ ይብስበት ነበር። ይባስ ብሎ ለአራት ዓመት ያህል የተኮነንሁ ነኝ ብሎ አምኖ ኖረ። ማንም ሰው ይህን ሐሳብ ከልቡ ሊያወጣለት አልቻለም።

እስቲ ሁኔታውን አስቡት። ይህ ሰው ገሃነም ይጠብቀኛል ብሎ እያመነ በማለዳ ይነሣል፤ እሳት ያነድዳል፤ ለወንድሞቹ ምሳ ያዘጋጃል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አልጮኸም፤ ሥራውንም አልተወም።

የመውጫው መንገድ ታዲያ ምን ነበር? ጥያቄውን ከነ ጭራሹ ተወው። መጨረሻዬ ምን ይሆን እያለ ራሱን ሲያሰቃይ ከቆየ በኋላ ወደ ገዳም የመጣው ለእግዚአብሔር ፍቅር ብሎ እንደ ሆነ አስታወሰ። እንግዲያውስ ቢድንም ባይድንም፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር እስኪሞት ድረስ እግዚአብሔርን ለመውደድ የሚችለውን ሁሉ አደርጋለሁ ብሎ ወሰነ። ዕድሜውን በሙሉ በዚያ ጭንቀት ሊጨርስ ራሱን ካዘጋጀ በኋላ ሳይጠብቀው ነገሩ ተለወጠ። ነፍሱ ዐረፈች፤ ሰላሙም እስከ መጨረሻው አልተወሰደበትም።

ወንድም ሎረንስ እግዚአብሔርን የወደደው ዋስትና ካገኘ በኋላ አይደለም። መጀመሪያ ወደደ፤ ሰላሙ በኋላ መጣ። የሚወድበት ቦታ ደግሞ ሌላ ስላልነበረው በወጥ ቤቱ ውስጥ ወደደ።

በድስቶቹ መካከል

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ እንግባ። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ወንድም ሎረንስ የወጥ ቤትን ሥራ በተፈጥሮው እጅግ የሚጠላ ሰው መሆኑ ነው። መርጦት አልገባበትም፤ ታዞ ነው የገባው። በዚያ የቆየውም 15 ዓመት ነው። ከእናንተ መካከል 15 ዓመት የሆነው አለ፤ እስከ ዛሬ የኖረውን ዕድሜ በሙሉ በማይወደው ሥራ ላይ እንዳሳለፈ አድርጎ ይቁጠረው።

ወጥ ቤት የተቀመጠ ሰው የሚያየውን እናቶቻችንና እህቶቻችን ያውቁታል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። የበሰለው ይበላል፤ የታጠበው ይቆሽሻል፤ ነገ ደግሞ እንደ ገና ከመጀመሪያው ነው። በገዳሙ ብዙ መነኮሳት ስለ ነበሩ ሁሉም ሥራ በትልቁ ነበር። ደወሉ ምግቡ እስኪደርስ አይጠብቅም። አንዱ ይህን ስጠኝ ሲል ሌላው ያንን ስጠኝ ይላል። ያች ነካክታ የምትሰብረው የአሽከርነት እጁም አብራው ገብታለች።

ወንድም ሎረንስ እዚህ ላይ ያደረገው ነገር በጣም ቀላል ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እግዚአብሔር አብሮት እንዲሆንና እንዲረዳው በአጭር ቃል ይለምናል። እየሠራም ሳለ በልቡ ያነጋግረዋል። ረጅም ጸሎት አይደግምም፤ እንደ ወዳጅ ግልጽ ሆኖ በገዛ ቃሉ ይናገራል። ሥራው ሲያልቅም ራሱን ይጠይቃል። ደኅና ሠርቶ ከሆነ ያመሰግናል፤ ካልሆነም ይቅርታ ይለምንና ተስፋ ሳይቆርጥ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። ሥርዓቱ በሙሉ ይኸው ነው።

ከትንንሾቹ ሥራዎች መካከል በታሪኩ የታወቀው የእንቁላሉ ነው። እንቁላል ሲጠብስ በመጥበሻው ላይ የሚገለብጠው ለእግዚአብሔር ፍቅር ብሎ እንደ ሆነ ይናገር ነበር። ጠብሶ ሲጨርስ የሚያጣድፍ ሥራ ከሌለ ያንን ጸጋ የሰጠውን አምላክ ለማመስገን በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተደፍቶ ይሰግዳል። ከዚያም ሲነሣ ደስታው የንጉሥን ደስታ ይበልጥ እንደ ነበር ነግሮናል። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር ባይኖር እንኳ ከወለሉ ላይ አንዲት ስብርባሪ ገለባ ለእግዚአብሔር ፍቅር ብሎ ማንሣት ይበቃው ነበር።

ንጉሥ ሲባል በዚያን ዘመን በፈረንሳይ ማን እንደ ነበረ እናስታውስ። ሉዊ 14ኛ ነው። ይህ ንጉሥ ከፓሪስ ጥቂት ራቅ ብሎ በቬርሳይ ታላቅ ቤተ መንግሥት ያሠራ ነበር። የእርሱም የዕለት ኑሮ ሥርዓት ነበረው። ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ መኳንንቱ በየማዕርጋቸው እየገቡ ይቆማሉ፤ ሸሚዙን ማቀበል እንኳ ትልቅ ክብር ነበር። እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር ሁለት ሰዎች በማለዳ ይነሣሉ። አንደኛው ሲነሣ መቶ ሰው ያየዋል። ሁለተኛው ምድጃ ሊያነድድ ሲነሣ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያየውም። ሁለተኛው ግን በኑሮው የጎደለ ነገር አላገኘም።

አንድ ነገር ግን እናስተውል። ወንድም ሎረንስ ድስት ማጠብ በራሱ ጣፋጭ ነው አላለም። የተጠላውን ሥራ የወደደው ስለ ሥራው ሳይሆን አብሮት ስላለው ጌታ ነው። ከምትወዱት ጓደኛችሁ ጋር ሩቅ መንገድ ስትሄዱ መንገዱ እንደሚያጥር ማለት ነው፤ መንገዱ ያው ነው፤ ዳገቱም ያው ነው። በመጨረሻ የጸሎቱ ሰዓትና የሥራው ሰዓት ለእርሱ ልዩነት አልነበራቸውም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠራው፣ ድስቱም ሲንኳኳ፣ በቅዱስ ቁርባን ፊት ተንበርክኮ እንደሚያገኘው ያለ እርጋታ ነበረው።

ሐሳብ ሲባዝን

ከእናንተ አንዳንዶቹ ይህ ለቅዱሳን ነው፤ የእኔ ሐሳብ እኮ አንድ ደቂቃ አይረጋም ትሉ ይሆናል። የወንድም ሎረንስም ሐሳብ ይባዝን ነበር። መጀመሪያ ላይ ልማዱን ለመያዝ ብዙ ደክሟል። ብዙ ጊዜም እግዚአብሔርን ፈጽሞ ረስቶ ይቆይና ድንገት ያስታውሳል። ነገር ግን ስለ ረሳ ራሱን አልገረፈም፤ ለምን ረሳሁ እያለም ሌላ ሰዓት አላባከነም። እረኛ የራቀችውን በግ ሳይደበድብ ወደ መንጋው እንደሚመልሳት፣ እርሱም ሐሳቡን በእርጋታ ይመልስ ነበር። አንድ ሺህ ጊዜ ቢሄድ አንድ ሺህ ጊዜ ይመልሰዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው መመለሱ ራሱ ልማድ ሆነለት።

ደግሞም ይህን ሰው ምክንያት አድርጎ ጸሎትና ጉባኤ የሚተው እንዳይኖር እናሳስባለን። ወንድም ሎረንስ ደወሉ ሲደወል ከወንድሞቹ ጋር ይጸልይ ነበር፤ የገዳሙንም ሥርዓት ይጠብቅ ነበር። በወጥ ቤት መጸለይን የተማረው ጸሎት ቤቱን ትቶ አይደለም።

የወይን ጠጁ ጉዞና የጫማው ሥራ

አንዳንድ ጊዜ ለገዳሙ ወይን ጠጅ እንዲገዛ ይላክ ነበር፤ በዚያ አገር ወይን ጠጅ ከምግብ ጋር የሚቀርብ የዘወትር መጠጥ ነውና። አንድ ጊዜ ወደ ኦቨርኝ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ቡርጎኝ ተላከ። ለእርሱ ይህ ጭንቅ ነው። የንግድ ችሎታ የለውም፤ እግሩም አንካሳ ነው። በጀልባ ላይ ለመንቀሳቀስ ሲፈልግ መራመድ ስለሚያቅተው በበርሜሎቹ ላይ እየተንከባለለ ይሻገር ነበር። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ እርሱ ግን አላፈረበትም። ጉዳዩ የእግዚአብሔር ጉዳይ እንደ ሆነ ለእግዚአብሔር ነግሮ ሄደ፤ ሲመለስ ሥራው በደኅና ተከናውኖ ነበር። እንዴት እንደ ተከናወነ ግን ራሱም በቅጡ ሊያስረዳ አይችልም ነበር።

የእግሩ ሕመም እየባሰ ሲሄድ ቆሞ ከሚሠራበት ወጥ ቤት ተቀምጦ ወደሚሠራበት የጫማ ሥራ ተዛወረ። የወንድሞቹን ነጠላ ጫማ ይሠራና ይጠግን ጀመር። ይህን ሥራ ወደደው፤ ግን ነገ ተወው ቢባል ለመተው ዝግጁ ነበር። በየትም ቦታ አንዲት ትንሽ ነገር ለእግዚአብሔር ብሎ ከማድረግ የሚከለክለው አልነበረምና።

እንዲህ ያለ ሰው ተሸሽጎ አይቀርም። በ1666 ጆዜፍ ደ ቦፎር የተባለ ካህን ሊያነጋግረው መጣ። ቦፎር ኋላ የፓሪስ ሊቀ ጳጳስ የሆነው የካርዲናል ደ ኖአይ ረዳት ነው። ከዚያ በኋላም እየተመላለሰ የሰማውን ጻፈ። ሌሎችም በደብዳቤ ምክር ይጠይቁት ነበር። አንድ ጊዜ ለአንዲት እመቤት ስለ አንድ ወጣት ወታደር ሲጽፍ ወጣቱ ሰይፉን ይዞ ሲጓዝ እንኳ ለአፍታ ልቡን ወደ እግዚአብሔር ማንሣት እንደሚችል መክሯል። ይህን የጻፈው ጦር ሜዳን በመጽሐፍ ያወቀ ሰው አይደለም፤ ቁስሉ ገና የሚያመው የቀድሞ ወታደር ነው።

ዕረፍቱ

በ1691 የካቲት ወር መጀመሪያ ሕመም ጠናበት። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 77 ተጠግቶ ነበር። የታወቀው ጸሐፊና ካህን ፌኔሎን በታመመ ጊዜ ጠይቆት ነበር፤ በጠና ታሞ ሳለ ደስተኛ ሆኖ እንዳገኘውም ጽፏል። ወንድም ሎረንስ የመጨረሻ ደብዳቤውን የጻፈው በየካቲት 6 ቀን ነው። ከስድስት ቀን በኋላ፣ በየካቲት 12 ቀን 1691፣ በሰላም ዐረፈ። በአንድ ዘመን መኮነኑን እርግጠኛ ሆኖ የኖረ ሰው ሞትን እንደ ወዳጅ ቤት ደጅ ቆሞ ጠበቀው።

ወንድም ሎረንስ አንድ ጊዜ ለአንዲት መነኩሲት ስለ ጸሎት ኑሮው ሲጽፍላት ደብዳቤውን ለማንም እንዳታሳይ አጥብቆ አስጠንቅቋት ነበር። እግዚአብሔር ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ቦፎር የተገኙትን ጥቂት ደብዳቤዎችና ንግግሮች ሰብስቦ በ1692 እና በ1694 አሳተማቸው። ጽሑፉ በሥርዓት ከእርሱ የተለዩ ክርስቲያኖችንም አልፎ ደረሰ፤ እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊ ለተከታዮቹ ባዘጋጀው የመጻሕፍት ስብስብ ውስጥ አስገብቶታል። ለማንም አይታይ የተባለው የምግብ አብሳይ ደብዳቤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይነበባል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሕይወት ቢያንስ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፤ ለእግዚአብሔር የማይሆን ትንሽ ሥራ የለም። ሰው መጠኑን ያያል፤ እግዚአብሔር ግን ፍቅሩን ያያል። ስለዚህ የተሻለ ቦታ ሳገኝ አገለግላለሁ ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፤ ስሜት ሲጠፋ ሥራ መተው አይገባም። ወንድም ሎረንስ በጨለማው ዘመኑ ምድጃውን ማንደድ ቢያቆም ኖሮ ብርሃኑ ሲመጣ በስፍራው አያገኘውም ነበር። ከእናንተ መካከል እግዚአብሔር ትቶኛል የሚል ወጣት ካለ ከፊቱ ያለችውን አንዲት ትንሽ ነገር ዛሬ ያድርግ፤ ነገም እንዲሁ። ጭንቀቱንም ለብቻው አይያዘው፤ ለሚያምነው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይንገር።

ሦስተኛ፤ የዕለት ኑሯችን በትንንሽ ደስታ የተሞላ ነው፤ የሚያየው ግን አላገኘም። ከእንቅልፍ ተነሥቶ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ የቡና ቁርስ ሽታ፣ አዲስ የታጠበ ሸሚዝ፣ ከዝናብ በኋላ የምትወጣ ፀሐይ፣ የእናት ድምፅ፤ እነዚህ ሁሉ አመስግነን የምናውቃቸው ናቸው ወይስ ረግጠናቸው ያለፍን?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን በቤታችን ካለው ሥራ እጅግ የምንጠላውን አንዱን እንምረጥ። ድስት ማጠብ ይሁን፣ ግቢ መጥረግ፣ ታናሽ ወንድምን ማስጠናት፣ የአያትን እግር ማጠብ ይሁን። ከመጀመራችን በፊት አንድ አጭር ቃል ለጌታ እንናገር፤ በመካከሉ እንደ ገና እናስታውሰው፤ ስንጨርስ እናመስግነው። ብንረሳም አንበሳጭ፤ እንመለስ። ስንገናኝም እንዴት እንደ ሆነልን እንነጋገር።

በሚመጣው እሑድ ከጉባኤው በኋላ ወንበሩን ማን ይሰብስብ ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ የጫማችን ክር በደኅና ታስሮ ይገኝ።

የሁላችንንም ቀን በእርሱ ዘንድ የተቆጠረ ያድርግልን። አሜን።